ሦስት አድራሻ የነበረው ቤት

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፤ ለእናንተ ልንገርና ይውጣልኝ። ባለፈው ጸደይ በዚህ አምድ ላይ፣ ሩቅ ቦታ ቤት ገዝተው ለሚያከራዩ አንባቢዎቼ ምክር ስለግስ፣ «አትስጉ፤ ቤት ፍየል አይደለም፣ ከቆመበት የትም አይሄድም» ብዬ ነበር። የሥጋ ቤቷ ሴትዮ ቆርጣ ከሚዛኗ በላይ ለጥፋው አይቼ ኮርቼም ነበር። ታውርደው። የኔ ቤት ሄዷል። ከሄደ በኋላም የት እንዳለ ሳላውቅ ኪራዩን በሰላም ስበላ ከርሜያለሁ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። እንደ ግማሾቻችሁ እኔም የቺሎኤ ደሴቶች ልጅ ነኝ፤ እዚህ ፑንታ አሬናስ የመጣሁት ለእንጀራ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በተወለድኩበት ደሴት፣ ኩንካይ በምትባል መንደር፣ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ከነቦታው በባንክ ብድር ገዛሁ። ተከራዩ ጀልባ ሠሪው ዶን ሮሳሜል ቺጓይ ናቸው፤ እሳቸው የሚከፍሉት ኪራይ ብድሩን ይከፍላል። ቤቱን በውክልና የሚያስተዳድሩልኝ ከወሽመጡ ማዶ ቴናይ የሚኖሩት የአባቴ እህት፣ አክስቴ ኤርሲራ ማንሲያ ናቸው። አግብተው አያውቁም። ስልክም አይወዱም፤ «ሰው ሳያስብ የሚያወራበት ዕቃ ነው» ይላሉ። ስለዚህ የምንገናኘው በደብዳቤ ነው።

በኖቬምበር ወር የቀድሞው ኢንሹራንስ ድርጅታችን የእንጨት ቤት መሸፈን እንዳቆመ አስታወቀ። ባንኩ ወዲያው ጻፈልኝ፦ እስከ ማርች መጨረሻ አዲስ ኢንሹራንስ ካላቀረብሽ ብድሩን በአንድ ጊዜ ትከፍያለሽ፣ ካልቻልሽ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። አልችልም። ከዚያ ቤት ሌላ በዚህ ዓለም የኔ የምለው የለኝም፤ ጡረታ ስወጣም የምገባበት እሱ ነው። በዚያ ሰሞን የተጻጻፍነውን እነሆ። አክስቴን ላውጣው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አውጪው፣ ግን ስሜን በደንብ ጻፊ» ብለዋል።

*

ቴናይ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ውድ ኖልፋዬ፣

እንደምን አለሽ? ያ ነፋስ አሁንም ሰው ይጥላል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረኝ አላማርርበትም። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ በጎቹን እየሸለትን ነበር።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። ጣሪያው አያፈስም። የምድጃው ጭስ ማውጫ የሚያልፍበትን ግድግዳ ዶን ሮሳሜል ቆርቆሮ አልብሰውታል፤ ዋጋውን ብላቸው አልቀበልም አሉ። የመብራቱ ገመድ አዲስ ነው። እንጨቱን የነካው ነቀዝ የለም። «ቤቱ ከገደሉ ጠርዝ ምን ያህል ይርቃል?» ላልሽው ግን፣ ይህን የሚጠይቁት ኢንሹራንሶቹ ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ? እነሱ ከሆኑ ትንሽ ይታገሡ። አንቺ ከሆንሽ በሚቀጥለው እነግርሻለሁ።

ተከራዩ ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብለሻል። ተከራይ ናቸው። ጸጥ ያሉ ናቸው። ኪራዩን ራሳቸው ጀልባ ቀዝፈው ያመጡልኛል፤ ማቴ ሻያችንን ጠጥተው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ኪራዩ ሳይደርስም ይመጣሉ። ሌላ ምን ይባላል።

የላክሽልኝ የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፤ ለአንድ እግሬ ጠበበኝ፣ ለሌላው ልክ ነው።

አክስትሽ ኤርሲራ

*

ፑንታ አሬናስ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን እግዜር ይማርልኝ። ጥያቄ ስላበዛሁብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጨነቀኝ ሰው መሆኔን ያውቃሉ።

ፑየርቶ ሞንት ውስጥ የእንጨት ቤት የሚቀበል አንድ ድርጅት አግኝቻለሁ። ዓረቦኑ ከድሮው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኪራዩ ግን ይችለዋል። ሆኖም አንድ የማያወላዳ ደንብ አላቸው፦ ከገደል ጠርዝ ሠላሳ ሜትር የማይርቅ ቤት አይሸፍኑም። እኔ ቤቱን ስገዛ በቤቱና በገደሉ መካከል አጥርና ሦስት የፖም ዛፎች ነበሩ። እንደማስታውሰው ሠላሳ ሜትር ይሞላል። ይሞላል አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ፤ መጥፎም ቢሆን ከእርስዎ ብሰማው ይሻለኛል።

ቅጻቸውን አብሬ ልኬያለሁ። ሞልተው ይመልሱልኝ። ደግሞ አክስቴ፣ በሞቴ፣ ቅጹ ላይ ቀልድ እንዳይጽፉ። የሚያነቡት ሰዎች አይስቁም።

ልጅዎ ኖልፋ

*

ቴናይ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

የኔ ልጅ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። እኛ ጠቦት አርደን በላን። «እኛ» ማለቴ እኔና እሱ፣ ዶን ሮሳሜል ማለቴ ነው። ብቻውን ምን ይበላል ብዬ ጠራሁት።

ፖሞቹ፣ ሁለቱ አሉ። ሦስተኛው ኦገስት ላይ በማዕበሉ ከነአጥሩ ገደል ገባ። ያን ጊዜ አንቺ ሳንባ ምች ይዞሽ ተኝተሽ ስለነበር አልነገርኩሽም፤ ከዳንሽ በኋላ ደግሞ የዳነ ሰው ለምን ይታመማል ብዬ ተውኩት። ይቅር በይኝ። ሠላሳ ሜትር ብለሻል። ሠላሳው ቀርቶ አሥራ ሁለትም አይሞላም። ዶን ሮሳሜል ራሱን ትራሱ ላይ ሲያሳርፍ ባሕሩ ከሥሩ ሲያንኳኳ ይሰማዋል። በኩሽናው በኩል ደግሞ መሬቱ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። መጀመሪያ በጣቱ ለካው፣ ገና ሲደርስ በእጁ ለካው። የሚመጣውን ክረምት አያልፍም ነው የሚለው፤ የጀልባ ሰው ውሃ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም።

አታልቅሺ። ይህ ነገር መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ከወረቀት ቤት አይገኝም። ምን እንደሆነ ብነግርሽ ባንኩን ልጠይቅ ትያለሽ፤ ባንኩ እምቢ ይላል፤ ባሕሩ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ስለዚህ አልነግርሽም።

ቅጹን እንደ አቅሜ ሞልቼ አብሬ ልኬዋለሁ። ቀልድ የለበትም።

አክስትሽ

*

ፑንታ አሬናስ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ስለ ስንጥቁ ያለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መድኃኒቱ ምንድን ነው? ገደሉን በድንጋይ ሊያስደግፉት ከሆነ ወጪውን ከየት እናመጣለን? እባክዎ ይንገሩኝ።

ስለ ቅጹ። «የቤቱ ዕድሜ» ለሚለው «ከኔ ያንሳል፣ ግን የተሻለ ተይዟል» ብለው ጽፈዋል። አጥፍቼ አርባ ስድስት ዓመት ብያለሁ። «በተከራዩና በባለንብረቷ ወኪል መካከል ዝምድና አለ?» ለሚለው ደግሞ «ለጊዜው የለም» ብለዋል። አክስቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ አለ ወይም የለም ነው። «ለጊዜው» ከየት መጣ? በኖቬምበር ደብዳቤዎ ዶን ሮሳሜል «እሳቸው» ነበሩ፤ አሁን «እሱ» ሆነዋል። እኔ ምንም አልጠየቅኩም። ብቻ አይቻለሁ።

አድራሻውን ለምን ባዶ ተዉት? ረስተውት መሆን አለበት። እኔው «ኩንካይ፣ ከጸሎት ቤቱ በላይ» ብዬ ሞልቼዋለሁ።

ሴኞር ፖብሌቴ የሚባሉ ገምጋሚ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። በመልካም ይቀበሏቸው። ጠርዙን ራሳቸው ይለኩታል፤ እኛ የምንደብቀው ነገር የለም። ካልተቀበሉን ማርች መጨረሻ ላይ ቤቱ ከእጄ ይወጣል። እኔ እንዳልመጣ መሥሪያ ቤቴ ከኤፕሪል በፊት ፈቃድ አይሰጠኝም።

ልጅዎ ኖልፋ

*

ቴናይ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1997

ኖልፋዬ፣

ስለ ገምጋሚው የጻፍሽልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ እሱ ራሱ መጥቶ በሄደ ማግሥት ነው። የፖስታ ጀልባው ተበላሽቶ ነበር አሉ፤ ይሁን። ፖብሌቴ መልካም ልጅ ነው። ደህና አድርጎ በልቷል። ጫማውም ደርቆለታል።

ቤቱ ደህና ነው፤ ትንሽ አየር ለውጧል። የወሩን ኪራይ ልኬልሻለሁ። ብዙ እንዳልጽፍ እጄን ገመድ ልጦታል።

አክስትሽ

*

እንግዲህ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ጫማው በምን ረጠበ? ገመዱስ ከየት መጣ? በአገራችን ሰው ሲታመም አየር ይለውጣል፤ ቤት አየር ሲለውጥ ግን ሰምቼ አላውቅም። ደሴት ተወልጄ ማደጌን ማን ያምነኛል? ከተማ ስኖር አእምሮዬ ዝጎብኝ ኖሯል። ኪራዩን ተቀብዬ፣ ጋዝ ገዝቼ፣ ተቀመጥኩ።

በማርች መጀመሪያ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ይህ መጣ፦

«ክብርት ሆይ፣ ባለሙያችን ባቀረቡት ዘገባ መሠረት፣ ግምገማው በተካሄደበት ዕለት ቤትዎ ጠዋት ኩንካይ፣ እኩለ ቀን ላይ ባሕር ላይ፣ ምሽት ላይ ደግሞ ቴናይ ይገኝ ነበር። ከሦስቱ አድራሻዎች ሽፋን እንዲሰጥዎ የሚፈልጉት የትኛው ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ያሳውቁን። ሁለተኛውን የሚመርጡ ከሆነ ጉዳዩ የጀልባ ክፍላችንን የሚመለከት መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

*

ፑንታ አሬናስ፣ ማርች 3 ቀን 1997

አክስቴ፣

ቤቴ የት ነው?

ደቦ ጠርተው ነው አይደል? በበሬ አስጎትተው፣ ባሕር አሻግረው ቴናይ ወስደውታል። ልጅ ሆኜ ሁለት ቤት ሲሻገር አይቻለሁ፤ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አጨብጭቤያለሁ። ያኔ የተሻገሩት ቤቶች ግን የባንክ መያዣ አልነበሩም። ባንኩ በመያዣነት የያዘው የኩንካይን ቦታ ከነቤቱ ነው። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ሁለት የፖም ዛፍ ነው። ይህ መያዣ ማሸሽ ይባላል አክስቴ፤ በዚህ ሰው ይከሰሳል። ውክልናው ላይ «ለቤቱ የሚበጀውን ሁሉ ታደርግ ዘንድ» ብዬ የፈረምኩት ሳንቃ እንዲያስጠግኑ ብዬ እንጂ ቤቱን እንዲያሳፍሩ ብዬ አይደለም።

ደግሞስ የቆመው ማን መሬት ላይ ነው? በእርስዎ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሕግ የሚለው መሬቱ የማን ነው እንጂ ቤቱ የማን ነው አይደለም። ለኢንሹራንሶቹ ምን አድራሻ ልስጥ? ለባንኩ ምን ልበል? የቀረኝ ይህ ወር ብቻ ነው።

የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ድፍረቴ በዛ፤ ግን አልሰርዘውም። ጉልበትዎ እንዴት ነው?

ኖልፋ

*

ቴናይ፣ ማርች 11 ቀን 1997

የኔ ልጅ፣

ቁጣሽ ደረሰኝ። ቁርጥ የአባትሽ ቁጣ ነው፣ በመጨረሻው መስመር ላይ የሚበርደው። ጉልበቴ ደህና ነው። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ቡናም ማቴም ያዢ።

ስንጥቁ በጃንዋሪ እግር የሚያስገባ ሆነ። ዶን ሮሳሜል መጥቶ «ኤርሲራ፣ ወይ እኛ እናሻግረዋለን፣ ወይ ባሕሩ ራሱ ያሻግረዋል» አለኝ። በማግሥቱ ሻሌን ለብሼ በየደጁ ልለምን ወጣሁ። ደቦ በመልእክት እንደማይጠራ ታውቂያለሽ፤ ደጅ ቆሞ በአፍ መለመን ነው። የለመንኩት ደግሞ በኔ ስም አይደለም፣ ቤቱ ያንቺ ነውና። «የአውዴሊዮ ልጅ ኖልፋ ቤቷን ልታሻግር ነው፤ እጃችሁን ታበድሯታላችሁ ወይ?» እያልኩ ዞርኩ። እምቢ ያለኝ የለም። ሱኒልዳ ኦያርሱን ብቻ፣ ከአባትሽ ጋር በአጥር የተጣላችው፣ ዝናብ ላይ አቆመችኝ። ቆማ ካየችኝ በኋላ «የአባቷን ለአባቷ፤ እኔም በሬዎቼም እንመጣለን» አለች።

የደቦው ቀን ሲደርስ መስኮቶቹን ነቅለን፣ ምድጃውን አውጥተን፣ ዶን ሮሳሜል የጠረባቸውን ሁለት ግንዶች ከሥሩ አስገብተን፣ በሬዎቹን ጠመድን። ያ ሁሉ በሬ በአንድ ድምፅ ሲነሳ መሬቱ ራሱ ይተነፍሳል። ቤቱ የጸሎት ቤቱን ጥግ ታጥፎ ወደ ባሕሩ መውረድ ሲጀምር፣ ቦርሳ የያዘ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ልጅ ከታች እየወጣ «የሴኞራ ኖልፋ ማንሲያ ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በአገጬ አሳየሁት።

«ያኛው እኮ እየሄደ ነው» አለኝ።

«አዎ ልጄ፣ ከመንገዱ ፈቀቅ በል።»

«እኔ ልገመግመው ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ከኋላው ተከተለው።»

ተከተለው። በሬዎቹ ለማረፍ ሲቆሙ ያ ልጅ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ከቤቱ ሥር ገባ። ሞቶ እንዳይሆን ብዬ ባጎነብስ፣ ወራጆቹን አንድ በአንድ በጣቱ እያንኳኳ ነው። ቤት መገምገም ከጀመረ ወዲህ ሆዱን ያሳየው የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው አለኝ፤ ሌሎቹ ሁሉ ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት።

ባሕሩ ሲሞላ ቤቱ ተነሳ። እንዲንሳፈፍ ባዶ በርሜሎች አስረንበት፣ አራት ጀልባ ጎትቶት፣ ጣሪያው ላይ የሱኒልዳ ውሻ ተቀምጦ። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ፖብሌቴን ከኔና ከዶን ሮሳሜል ጋር ጀልባ ላይ አስቀመጥነው። ግማሽ መንገድ ስንደርስ «ቢሰምጥስ?» አለ። ዶን ሮሳሜል ዞር ሳይል «ከሰመጠማ ኢንሹራንስ አያስፈልገውም» አለው። ልጁ ያን ጊዜ ነው የሳቀው። ቴናይ ስንደርስ ገመድ ያልያዘ ሰው አልነበረምና እሱም ያዘ፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጎተተ። ስንነቅል የረሳነው አንድ መስኮት ነበር፤ መስታወቱ እንዳለ ደረሰ። ፖብሌቴ እርጥብ እጁን ደረቱ ላይ ጠርጎ እሱን ጻፈ። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የበሰለውን የዛጎልና የአሳማ ሥጋ በድንች ቂጣ በላን፣ የፖም ጠላችንን ቺቻ ጠጣን፣ አኮርዲዮኑ መጣ። ልጁ ስንት ጊዜ እንደ ጨፈረ ለመሥሪያ ቤቱ እንዳትነግሪበት።

አሁን ስለ መሬቱ። ቤቱ የቆመው ከኔ ቤት ጎን፣ ድንጋያማው ከፍታ ላይ ነው። ባሕሩን ታያለሽ እንጂ አትሰሚውም። መሬቱ የኔ አይደለም። የአባትሽ ድርሻ ነው። በግ ሸላታ ብሎ ወደ ፓታጎንያ ሲሄድ «እስክመለስ ያዢልኝ» ብሎኝ ነበር፤ እንዳልተመለሰ ታውቂያለሽ። ይኸው እስከ ዛሬ ድንች ስዘራበት ኖርኩ። ቀድሜ ያልነገርኩሽ ትሸጪውና ከዚህ ደሴት እግርሽ ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነው። ልመናውን ከመጀመሬ በፊት ካስትሮ ሄጄ በውል አዋዋይ ፊት በስምሽ አዛውሬዋለሁ። ካርታው በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ለባንኩ ይህን መያዣ ስጪው፤ ከገደል ይልቅ ድንጋይ ቢይዝ ይሻለዋል።

ስለ እሱ የጠየቅሽውን በሌላ ደብዳቤ።

አክስትሽ ኤርሲራ

*

ፑንታ አሬናስ፣ ማርች 27 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፣

በፊተኛው ደብዳቤዬ ስለተናገርኩት ሁሉ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ካርታውን ሳየው መንገድ ላይ ነበርኩ፤ የአባቴን ስም አንብቤ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ታምሜ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

በማግሥቱ ባንክ ሄድኩ። የብድር ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አገላብጠው «ያለፈቃዳችን መያዣው ተነቅሎ ሄዷል ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ምን እላለሁ? ይህ በባንኩ ታሪክ ያልታየ ነው፣ በሕግ ክፍል ይታያል አሉና ለብዙ ቀን አንጠለጠሉኝ። እኔ በዚያ ሰሞን ቤቱን ሦስት አራት ጊዜ በልቤ ተሰናብቼዋለሁ። በመጨረሻ የሴኞር ፖብሌቴ ዘገባ ከፑየርቶ ሞንት ደረሰ። ኃላፊው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ እኔም የቻልኩትን ያህል በቃሌ ያዝኩት፦ «የኩንካዩን ቦታ ለክቻለሁ፤ እዚያ ቢሆን አልቀበለውም ነበር። ቤቱን ግን በሬ ጎትቶታል፣ ባሕር ተሸክሞታል፣ ዳገት ወጥቷል። አንድ ሳንቃ አልለቀቀም፣ አንድ መስታወት አልተሰነጠቀም። ከዚህ የበለጠ በምን ብንፈትነው እንደሚሻል አላውቅም።» ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው እናታቸው የኛው ደሴት ሰው፣ ከኬዮን እንደሆኑ ነገሩኝ። እሳቸውም በልጅነታቸው ገመድ ይዘዋል።

ተቀብለዋል አክስቴ። ኢንሹራንሱ በቴናይ አድራሻ ተፈርሟል፣ ባንኩም የአባቴን መሬት በመያዣነት ይዞ የኩንካዩን ለቆልኛል። ቤቱ የኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ውሉ ላይ ሰው የማይኖርበት ቤት ሽፋኑ ይቋረጣል ይላል። ስለዚህ ዶን ሮሳሜል እንዳይለቁብን ደስ የሚላቸውን ሁሉ ያድርጉላቸው።

ልጅዎ ኖልፋ

*

ቴናይ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1997

ኖልፋዬ፣

ደብዳቤሽን ለሰፈሩ ሁሉ አነበብኩ። ሱኒልዳ አለቀሰችና ጉንፋን ነው አለች።

ኩንካይ ሄጄ ነበር። ባለፈው ሳምንት በመጣው ትልቅ ሙላት ኩሽናሽ የነበረበት ቦታ ከነአንዱ ፖም ወርዷል። ቆሜ አየሁት። በሰው ንብረት መጥፋት መደሰት ነውር ነው፤ የራስሽ ስለሆነ ግን ትንሽ ደስ አለኝ።

ዶን ሮሳሜልን ደስ አሰኚው ብለሻል። በዚህ በኩል አትስጊ። ያልነገርኩሽ ይህ ነው። ቤቱ ከጎኔ ከቆመ ወዲህ ማታ ማታ መስኮት ለመስኮት እየተያየን መብራት እናጠፋለን፤ በዚህ ዕድሜ ልጅነት ነው። ባለፈው እሑድ «ወይ አንቺ ነይ፣ ወይ እኔ ልምጣ» አለኝ። ቤትሽን ባዶ ትቶ ወደኔ እንዲመጣ ኢንሹራንስሽ አይፈቅድም፤ እሱም በራሴ ገመድ የጎተትኩትን ቤት አልለቅም ብሏል። ስለዚህ የምሄደው እኔ ነኝ። የኔን ቤት ለአስተማሪዋ አከራየዋለሁ። አንቺ አዲስ ውል ላኪልን፣ በሁለት ስም። ደግሞ ሙሽሮች ናቸው ብለሽ ኪራይ እንዳትጨምሪ።

ሠርጉ ከድንች ቆፈራው በኋላ ነው። ስለ ድንቹ ደግሞ፣ ደቦው የተለመነው በስምሽ መሆኑን ነግሬሻለሁ። የደቦ እጅ በእጅ ነው የሚመለሰው። ሱኒልዳን ባንቺ ፈንታ እኔ ልቆፍርልሽ ብላት «ያንቺን ጉልበት ምን ላደርገው፤ ልጅቷን ራሷን ላኪልኝ» አለች። ሌሎቹም እየጠየቁ ነው። ወፍራም ጓንት ይዘሽ ነይ።

ተከራይሽ፣ ኤርሲራ

*

ፈቃዴ ተፈርሟል፤ መርከቡ ሐሙስ ይነሳል። የጥንድ ውሉን በእጄ ይዣለሁ፤ ኪራዩን አልጨመርኩም። ጓንቱን ከመርከበኞች ሱቅ ገዛሁ፤ ሻጩ ለምን እንደሆነ ሲሰማ እኔም የዚያው ደሴት፣ የኬሚሎን ልጅ ነኝ ብሎ ግማሹን ዋጋ ተወልኝ፤ ድንች ሳይሆን ወገብ ነው የሚቆፈረው ብሎም መከረኝ።

የት እንደማድር ጽፌ ጠይቄ ነበር። አክስቴ፣ ባለንብረቷ ተከራዮቿን ሳታስፈቅድ መግባት እንደሌለባት በድሮው ውል ላይ አንብበዋል፤ ቢሆንም ፎቁ ላይ ያለውን ክፍል፣ ያ ያልተሰነጠቀው መስኮት ያለበትን፣ እስከ ሠርጉ ሊያበድሩኝ ተስማምተዋል። በየትኛው ደጅ ስንት ጆንያ ድንች እንደሞላሁ፣ ሱኒልዳ ስለ አባቴ ምን እንዳሉኝ፣ ገምጋሚው ፖብሌቴም ለሠርጉ ተጠርተው በምን ጫማ እንደመጡ፣ እጄ ብዕር ለመያዝ በበቃበት ቀን ቁጭ ብዬ አወራችኋለሁ።